የጭነት መኪና ተርቦ ከመቀየሩ በፊት ምን መታየት አለበት?

የናይሮቢዋ ሁርሊንግሃም ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,700 ሜትር ከፍ ብላ ትገኛለች። ከሞምባሳ ወደብ ወደዚህ ከፍታ ለሚወጣ የናፍጣ መኪና፣ አየሩ እየሳሳ ሲሄድ ጉልበቱን የሚጠብቅለት ተርቦ ነው፤ ከጅቡቲ ወደ አዲስ አበባ ለሚጓዘውም እንዲሁ።

ስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ቡቺ በአውሮፓውያኑ 1905 የፈጠራ መብቱን ያስመዘገበለት ይህ መሣሪያ፣ በሞተሩ ጭስ ግፊት በደቂቃ ከ100,000 ጊዜ በላይ ሊሽከረከር ይችላል። አልቤሮውን ከኩሽኔታው የሚለየው ስስ የዘይት ሽፋን ብቻ ነው። ዳገት የወጣ ሞተር ወዲያው ሲጠፋ የዘይቱ ዝውውር ይቆማል፤ በጋለው ተርቦ ውስጥ የቀረውም ይከስላል። ስለዚህ ከማጥፋት በፊት ሞተሩን ለጥቂት ደቂቃዎች በሚኒሞ ማቆየት ይገባል።

ብዙ ገንዘብ የሚባክነው ግን ተርቦው ከተበላሸ በኋላ ነው። የዘይት መስጫና መመለሻ ቱቦዎቹ ሳይፈተሹ፣ ዘይቱና ፊልትሮው ሳይቀየሩ የተገጠመ አዲስ ተርቦ በዚያው ምክንያት ዳግም ይቃጠላል።