ባሊቶር፤ በትምህርት ቤቷ ስም ያገኘች መንደር

በአየርላንድ አገር፣ በኪልዴር አውራጃ፣ ግሪስ በሚባል ትንሽ ወንዝ አጠገብ ባሊቶር የምትባል መንደር አለች። በሕዝብ ብዛትም ሆነ በንግድ የታወቀች አይደለችም፤ ስሟን በታሪክ ያስጻፈላት ትምህርት ቤቷ ነው።

መንደሪቱን ያቀኗት በ17ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ መሬት ገዝተው የሰፈሩ ኩዌከሮች ናቸው። እነዚህ ክርስቲያኖች በእምነታቸው ምክንያት የጦር መሣሪያ አያነሡም። በ1726 ዓ.ም. እንደ አውሮፓ አቈጣጠር፣ ከእንግሊዝ አገር ከዮርክሻየር የመጣው አብርሃም ሻክልተን በዚያ አዳሪ ትምህርት ቤት ከፈተ። ላቲንን ራሱ የተማረው ካደገ በኋላ በብርቱ ትጋት ነበር።

ያ ዘመን የአየርላንድ ሕዝብ በሃይማኖት ተከፋፍሎ፣ ካቶሊኮች ትምህርት ቤት እንዳይከፍቱ በሕግ የተከለከሉበት ነበር። ሻክልተን ግን የሌላ እምነት ልጆችንም ተቀብሎ አስተማረ። በ1741 የገባው ኤድመንድ በርክ በኋላ በእንግሊዝ ፓርላማ ዝነኛ ተናጋሪ ሆነ፤ ከመምህሩ ልጅ ከሪቻርድ ጋራም እስከ ዕድሜው ፍጻሜ ወዳጅ ነበር። ቈይቶም ፖል ከለን በዚሁ ትምህርት ቤት ተምሮ፣ በ1866 የመጀመሪያው የአየርላንድ ካርዲናል ለመሆን በቃ።

ትምህርት ቤቱ ግን ያለ ፈተና አልኖረም። የመሥራቹ የልጅ ልጅ፣ እርሱም አብርሃም የተባለው፣ ጦርነትን የሚያሞግሱ የጥንት ደራስያንን አላስተምርም አለ። ዩኒቨርሲቲ ለመግባት የሚሹ ተማሪዎች ደግሞ እነዚህን መጻሕፍት ማወቅ ነበረባቸው። ስለዚህ የተማሪው ቍጥር አነሰ፤ በ1801ም በሩ ተዘጋ። በ1806 በሌላ መምህር እጅ ተከፍቶ እስከ 1836 ድረስ አገለገለ።

በ1798 ዐመፅ በተነሣ ጊዜ መንደሪቱ በዐመፀኞችና በመንግሥት ወታደሮች መካከል ተጨነቀች፤ ሰው ሞተ፣ ቤት ተቃጠለ። የሪቻርድ ልጅ ሜሪ ሌድቢተር ያየችውን ሁሉ ለማንም ሳታዳላ ጻፈች። ማስታወሻዋ ከሞተች ከ36 ዓመት በኋላ በ1862 ታትሞ፣ የተራ ሰዎችን ኑሮ ለሚመረምሩ የታሪክ ሊቃውንት ታላቅ ምስክር ሆኗል።

ዛሬ በባሊቶር የኩዌከሮች ቤተ መዘክርና ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ። የትምህርት ቤቱ ደወል ከጠፋ ብዙ ዘመን ሆኖታል፤ ነገር ግን አንድ መምህር ያስተማራቸው ሰዎች ሥራና የልጅ ልጁ ያኖረችው ጽሑፍ የመንደሪቱን ስም እስከ ዛሬ አቁመውታል። የትምህርት ቤትን ዋጋ በግንቡ ስፋት ብቻ ለሚመዝን ሁሉ፣ የባሊቶር ታሪክ በቂ መልስ ነው።