የወር አበባ ሕመምና አመጋገብ

የወር አበባ ሕመም፣ የማሕፀን የውስጥ ሽፋን በሚፈርስበት ጊዜ ፕሮስታግላንዲን የተባሉ ሆርሞን መሰል ንጥረ ነገሮች በብዛት ተመርተው የማሕፀንን ጡንቻ ሲያኮማትሩ ከእምብርት በታች የሚሰማ ቁርጠት ነው። ምግብ ሕመሙን ከሥሩ ባይነቅለውም ሊያስታግሰው ይችላል፤ በዚህ ረገድ ደህና ማስረጃ ያለው ዝንጅብል ሲሆን፣ በሙከራዎች የተሰጠው ደርቆ ተፈጭቶ፣ በቀን ከ750 እስከ 2000 ሚሊ ግራም ተመጥኖ፣ በወር አበባው የመጀመሪያዎቹ 3 ወይም 4 ቀናት ነው። ተልባ ኦሜጋ 3 የተባለው ቅባት ቢኖረውም፣ ሰውነት ዓሣ ውስጥ ወደሚገኘው ዓይነት የሚለውጠው ጥቂቱን ብቻ በመሆኑ ሕመሙን ለማስታገስ ብዙ ተስፋ አይጣልበትም። ሕመሙን ከማስታገስ ሌላ፣ ከደም ጋር የሚወጣውን ብረት ለመተካት እንደ ምስርና ጎመን ያሉ ምግቦች ይመከራሉ፤ የእንጀራ ሊጥ ሲቦካ ብረትን አስሮ የሚይዘው ፊታይት ይቀንሳል፣ ወጡ ላይ የሚጨመቅ ሎሚም ብረቱ በአንጀት እንዲመጠጥ ያግዛል፣ ከማዕድ ጋር የሚጠጣ ሻይና ቡና ግን ይህንኑ ያሰናክላል።