የዝናብ ካርታና የእንጀራ ካርታ

ረሃብን የሰማይ ቁጣ አድርጎ ማየት በአገራችን ሥር የሰደደ ልማድ ነው። ዝናብ ጠፋ፣ ምድር ደረቀች፣ ሕዝብ ተራበ እንላለን፤ ነገሩም በዚያው ይዘጋል። ታሪካችንን ቀረብ ብሎ ለመረመረ ግን በዝናብ መጥፋትና በሰው መራብ መካከል ሰፊ መስክ አለ። በዚያ መስክ ላይ በሬው፣ ገበያው፣ መንገዱ፣ የቀን ሥራውና የመንግሥት ፈቃድ ይገኛሉ። የክልልና የወረዳ ዕቅድ የሚያስፈልገው ይህን መስክ የሚያሳይ ካርታ ነው።

ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. የዘለቀውን «ክፉ ቀን» እናስታውስ። ድርቅና አንበጣ እንደነበሩ እሙን ነው። ይሁን እንጂ ገበሬውን አስቀድሞ የጣለው ከምጽዋ በኩል የገባው የከብት ደስታ በሽታ ነበር። በሬው ያለቀበት ገበሬ ዝናብ ቢመጣም የሚያርስበት አልነበረውም። የዚያን ዘመን የዝናብ ካርታ ብናገኝ እንኳ የረሃቡን ግማሽ ታሪክ ብቻ ይነግረን ነበር።

የወሎው የ1965 እና የ1966 ዓ.ም. እልቂት ጉዳዩን ይበልጥ ያጎላዋል። በወሎ ምርት ክፉኛ መውደቁ አያከራክርም። ነገር ግን አማርትያ ሴን እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተመው ጥናቱ እንዳመለከተው፣ በደሴ ገበያ የእህል ዋጋ የረሃቡን ያህል አላሻቀበም፤ ምክንያቱም የተራበው ሰው የሚገዛበት ገንዘብ አልነበረውም። እንዲያውም ከወሎ ወደ አዲስ አበባና ወደ አስመራ የተጫነ እህል ነበር። የአፋር አርብቶ አደር በበኩሉ የደረቅ ወቅት ግጦሹን ለአዋሽ ሸለቆ የንግድ እርሻዎች ከማጣቱም በላይ፣ የከብቱ ዋጋ ከእህል አንጻር ወድቆበት ነበር። ሴን በወሎ የነበረውን የምርት ውድቀት አሳንሶ አይቷል የሚሉ ተቺዎች አሉ። ቢሆንም ጥያቄው ጸንቶ ቆሟል፤ እህሉ የት አለ ብቻ ሳይሆን፣ እህሉ ወደ ማን እጅ ይደርሳል?

የእኛው የጂኦግራፊ ሊቅ ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም እ.ኤ.አ. ከ1958 እስከ 1977 ያሉትን ሃያ ዓመታት መርምረው የደረሱበት ድምዳሜ ከዚህ አይርቅም። ገበሬውን ለረሃብ አጋልጦ የሚሰጠው ድርቁ ሳይሆን፣ በድርቁ ዋዜማ ጥሪት እንዳይኖረው ያደረገው ሥርዓት ነው።

ትምህርቱ ወደ ካርታ የተለወጠው ዘግይቶ ነው። ከ1990ዎቹ ማብቂያ እስከ 2000ዎቹ መግቢያ ዓ.ም. ድረስ አገሪቱ ከ170 በሚበልጡ የኑሮ መሠረት ቀጠናዎች ተከፋፍላ ተጠናች። የጥናቱ ጥያቄ ቀላል ነበር፤ በዚህ አካባቢ ድሃውና ሀብታሙ ቤተሰብ የዓመት ቀለባቸውን ከየት ከየት ያገኛሉ? በሰሜን ወሎ ብቻ በልግ የሚጠብቀው ደገኛና ማሽላ የሚዘራው የቆቦ ቆላ ገበሬ ኑሯቸው የተለያየ ነው። ከደጋው ወጥቶ ለሰሊጥ አጨዳ ወደ ሑመራና ወደ መተማ የሚወርደው ድሃ ደግሞ የእንጀራው አንዱ ምንጭ ከቀየው ብዙ ርቆ ይገኛል። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲጀመር የሑመራ መንገድ ተዘጋ። የዚህ ሰው ቀለብ የጎደለው በመንደሩ ዝናብ ስለጠፋ አልነበረም።

ካርታ የሚመልሰው የተጠየቀውን ብቻ ነው። ስንት ሚሊ ሜትር ዘነበ ብለን ከጠየቅን መልሱ የእርዳታ ስንዴ ይሆናል። የቤተሰቡ የቀለብ መንገድ የት ላይ ይበጠሳል ብለን ከጠየቅን ግን መልሱ ድልድይ፣ የከብት ገበያ፣ ብድር፣ የቀን ሥራ ይሆናል። ዕቅድ የምንለው ይህንን ነው። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው ልማታዊ ሴፍቲኔት ወረዳዎችን የመረጠው በዋናነት ቀደም ሲል እርዳታ ሲቀበሉ የቆዩትን በመቁጠር ነበር። አሠራሩ ለጊዜው አመቺ ነበር፤ ነገር ግን የትናንት እርዳታ ካርታ የነገ ዕቅድ ካርታ ሆነ።

ካርታ ብቻውን አያድንም። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1984 የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን ለጋሾችን ሰብስቦ አደጋውን አስታውቋል፤ መንግሥት ግን የአብዮቱን አሥረኛ ዓመት ለማክበር ይዘጋጅ ነበር፤ ለጋሾችም ቸል አሉ። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2021 ደግሞ በትግራይና በአጎራባች አካባቢዎች 353,000 ያህል ሰዎች በመጨረሻው የረሃብ ደረጃ ላይ መሆናቸውን የሚያሳይ ዓለም አቀፍ ትንተና ሲወጣ፣ መንግሥት አላጸደቀውም። በሁለቱም ጊዜ የጎደለው መረጃ አልነበረም።

ስለዚህ የምግብ ካርታ የባለሙያ መሳቢያ ውስጥ ወይም የባለሥልጣን ይሁንታ ሥር ሊቀር አይገባውም። በየክልሉ ምክር ቤት በጀት ሲጸድቅ በጠረጴዛ ላይ ይዘርጋ፤ ዩኒቨርሲቲዎች ይመርምሩት፤ ጋዜጦች ያትሙት። ሹም ሊክደው የማይችለው ካርታ ሕዝብ አስቀድሞ ያየው ካርታ ነውና።