እንጀራውን ማን ጋገረው? በቶሮንቶ ጓዳ የተነሡ ፎቶዎች

ለዘንድሮው መጽሔት የቆዩ ፎቶዎችን እንድመርጥ ተጠይቄ የገቢ ማሰባሰቢያ ዝግጅቶቻችንን አልበም አገላበጥኩ። ተናጋሪው አለ፤ ጨረታው አለ፤ በየጠረጴዛው የቀረበው እንጀራም አለ። የጋገሩት እናቶች ግን አንድም ፎቶ ላይ የሉም። ስለዚህ ካሜራዬን ይዤ በዳንፎርዝ ጎዳና ወዳለ ምግብ ቤት ጓዳ ገባሁ።

ዳንፎርዝ ቀድሞ የሚታወቀው በግሪኮች ሠፈርነቱ ነው። ከ1966ቱ አብዮትና ከቀይ ሽብር በኋላ በስደት ካናዳ የገቡ ወገኖቻችን ከጊዜ በኋላ በግሪንውድ አካባቢ ምግብ ቤቶችና የቅመም ሱቆች ከፈቱ።

ትልቁ ፈተና ጤፍ ነበር። በኢትዮጵያ ኖሮ የተመለሰው አሜሪካዊ ዌይን ካርልሰን እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በአይዳሆ ጤፍ ማምረት ጀመረ። የአገራችን መንግሥት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2006 የጤፍ እህል ወደ ውጭ እንዳይላክ ከለከለ። ጋጋሪዎቹ ያገኙትን ጤፍ ከገብስ፣ ከስንዴና ከሩዝ ዱቄት ጋር እየቀላቀሉ የየራሳቸውን ልክ አወጡ። ያ ልክ በእጃቸው እንጂ በወረቀት የለም።

በጓዳው ያገኘኋቸው እናት እርሾውን ከቀድሞው ሊጥ ያስቀራሉ፤ በብርድ ወራት ሊጡን ማሞቂያው አጠገብ ያሳድሩታል፤ አብሲት ጥለው ኩፍ ሲል በሁለት የኤሌክትሪክ ምጣድ ይጋግራሉ።

«እትዬ፣ ፎቶ ላንሣዎት?» አልኳቸው።

«በሽርጥ? ፊቴን ተይው የኔ ልጅ፤ እጄን አንሺ» አሉኝ።

እጃቸውን አነሣሁ። ነርስ ነኝና ዓይኔ ቀድሞ ያረፈው አንጓቸው ላይ ባለው የእንፋሎት ጠባሳ ነው፤ አሮጌም አዲስም አለበት። ልኩን ስጠይቃቸው «ሊጡ ራሱ ይነግርሻል» ብለው ሳቁ። ልጃቸው እንጀራ እንደማትጋግር ግን ሳይስቁ ነገሩኝ። ስለዚህ ዱቄቱን በጣሳ እያስለካሁ፣ ከቡኮው እስከ ሰፌዱ ደረጃ በደረጃ አነሣሁ፤ ጻፍኩም።

ቲኬት ስንሸጥ የሸጥነው የእነዚህን እናቶች ድካም ነበር። እኔም በልቼ አመስግኜ የወጣሁት አዳራሹን እንጂ ጓዳውን አይደለም። በሚቀጥለው ዝግጅት ፎቶ አንሺው መጀመሪያ ጓዳ ይግባ፤ ፈቃዳቸውን ጠይቆ ስማቸውን ይጻፍ። የጋገሩትም በማኅበራችን መዝገብ እንደ ለጋሽ ይቆጠሩ።