የጤና ባለሙያ ሲቪ ምን ይዞ ይቅረብ?

«አራት ዓመትና ከዚያ በላይ የሥራ ልምድ ያላቸው ሁለት ክሊኒካል ነርሶች» የሚል ማስታወቂያ ሲወጣ የሚቀርበው የማመልከቻ ክምር ያስደነግጣል። የአንድ የግል ሆስፒታል የሕግ አማካሪ እንደመሆኔ በቅጥር ኮሚቴ እየተቀመጥኩ ይህን ክምር በየጊዜው አገላብጣለሁ። ሐኪም ስላልሆንኩ ስለማንም የሕክምና ችሎታ አልፈርድም። ወረቀትን እንደ ማስረጃ ማንበብ ግን ሙያዬ ነው። ከዓመት ዓመት የምታዘበውም ደህና ደህና ባለሙያዎች በሲቪያቸው ድክመት ብቻ የመጀመሪያውን ማጣሪያ ሳያልፉ መቅረታቸውን ነው።

ችግሩ የሚጀምረው ከጽሕፈት ቤቱ ነው። አንድ ኮምፒዩተር ላይ የተቀመጠ ቅጽ ስሙ እየተቀየረ ለሁሉም ይታተማል። ሁሉም «ታታሪ፣ በቡድን መሥራት የሚችል፣ የሥራ ጫናን የሚቋቋም» ነው። አንዳንዴማ የቀደመው ባለቤት ስም ግርጌው ላይ ተረስቶ እናገኛለን። እንዲህ ያለው ቃል ማስረጃ ስለሌለው ኮሚቴው ዓይኑን ሳያሳርፍበት ያልፈዋል።

መጀመሪያ የሚፈለገው የሙያ ፈቃድ ነው። ያለ ፈቃድ በሽተኛ መንካት ስለማይቻል ከስማችሁ ቀጥሎ፣ በመጀመሪያው ገጽ፣ በፈቃዱ ላይ በሰፈረው የሙያ መጠሪያ ልክ ይጻፍ፤ ቁጥሩ፣ የሰጠው አካልና የሚያበቃበት ቀንም ይከተል። በ2011 ዓ.ም. ከተጀመረው የብቃት ምዘና ፈተና ወዲህ የተመረቃችሁ ፈተናውን ማለፋችሁን ጨምሩ። በስፔሻሊቲ ሥልጠና ላይ ያለ ሐኪም ራሱን «ስፔሻሊስት» ብሎ መጻፉ ማጋነን ብቻ አይደለም፤ ሐሰት ነው።

ዋናው ጉዳይ የሥራ ልምዱ ነው። «በሕፃናት ክፍል ለሦስት ዓመት ሠርቻለሁ» የሚለው ዓረፍተ ነገር ምንም አይነግረኝም። ክፍሉ ስንት አልጋ ነበረው? በአንድ ፈረቃ ስንት ሕሙማን በእጃችሁ ነበሩ? የሌሊቱን ተረኛ ቡድን የመራችሁት እናንተ ነበራችሁ ወይስ ሌላ ሰው? «ባለ 20 አልጋ የሕፃናት ክፍል፣ በፈረቃ ከ6 እስከ 8 ሕሙማን፣ የሌሊት ተረኛ አስተባባሪ» ተብሎ ሲጻፍ ግን የክፍሉ ኃላፊ ወዲያው ይገባዋል። አዋላጅ ከሆናችሁ ራሳችሁ ያዋለዳችኋቸው ወሊዶች በወር በአማካይ ስንት እንደነበሩ፣ የላቦራቶሪ ባለሙያ ከሆናችሁ በየትኞቹ መሣሪያዎች እንደሠራችሁ፣ ለምሳሌ በጂንኤክስፐርት፣ ጻፉ። ፋርማሲስት የክምችት አያያዙን፣ በዳጉ ሶፍትዌር ሠርቶ ከሆነም ይህንኑ ይግለጽ።

ቁጥር ስትጽፉ የምትጠየቁበት መሆኑን አትርሱ። «ራሴ ሠርቻለሁ» እና «ሲሠራ አይቻለሁ» የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ሜካኒካል ቬንቲሌተር ማንቀሳቀስ እችላለሁ ያለን ነርስ ቃሉን አምኖ ፅኑ ሕሙማን ክፍል የሚመድብ ኃላፊ ይኖራል። ያ ቃል ሐሰት ከሆነ ሌሊት ላይ ዋጋውን የሚከፍለው አልጋው ላይ የተኛው ሰው ነው። በሐሰተኛ ሰነድ መገልገል በ1996 ዓ.ም. በወጣው የወንጀል ሕግ እንደሚያስቀጣም መታወቅ አለበት። በሌላ በኩል ችሎታን ለማሳየት ሲባል ማንነቱ ሊታወቅ የሚችል ሕመምተኛን ታሪክ ሲቪ ላይ ማስፈር የሙያ ምስጢርን ማውጣት ነው። እንዲህ የሚያደርግ አመልካች ነገ የእኛንም ታካሚ ምስጢር እንደማይጠብቅ እየነገረን ነው።

ሲቪው ላይ ለሰፈረው ለእያንዳንዱ የሥራ ቦታ ደብዳቤ ይኑራችሁ። ብዙ ወጣቶች የቀድሞ አሠሪያቸው የልምድ ማስረጃ ስለከለከላቸው ሁለትና ሦስት ዓመት ሲያጡ አያለሁ። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 12 መሠረት የሥራ ውሉ ሲቋረጥ፣ ወይም ሠራተኛው በጠየቀ በማናቸውም ጊዜ፣ አሠሪው የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎቱን ዘመንና ይከፈል የነበረውን ደመወዝ የሚገልጽ የምስክር ወረቀት ያለ ክፍያ መስጠት አለበት። ልመና ሳይሆን መብት ነው፤ በጽሑፍ ጠይቁ፣ የጥያቄያችሁንም ቅጂ ያዙ። ብዙ ቀጣሪዎች ከግል ተቋም የመጣ ልምድ የሥራ ግብር የተከፈለበት መሆኑ እንዲረጋገጥ ስለሚጠይቁ ደብዳቤው ይህንንም ቢያካትት ከምልልስ ያድናችኋል።

የዘመን አቆጣጠር ነገር ትንሽ ትመስላለች፤ ግን ሰው ትጥላለች። በእንግሊዝኛ በሚጻፍ ሲቪ ላይ ብዙዎች በጅምላ ስምንት ዓመት ይደምራሉ። ሰኔ 2012 በእርግጥም ጁን 2020 ነው። ጥቅምት 2012 ግን ኦክቶበር 2019 ነው፤ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ድረስ የሚደመረው ሰባት ነውና። ሥራ የጀመረበትን ጥቅምት 2020 ብሎ የጻፈ ሰው ከራሱ ልምድ ላይ አንድ ዓመት ቀነሰ፤ አራት ዓመት የሚለውን መስፈርት በዚህ ብቻ ሊያጣው ይችላል። ከደብዳቤው ጋር ሲነጻጸርም አጭበርባሪ ያስመስለዋል።

ስማችሁ በላቲን ፊደል የሚጻፍበት መንገድም በዲፕሎማው፣ በፈቃዱና በፓስፖርቱ ላይ አንድ ይሁን። በተለይ ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ ወይም ወደ ዱባይ ለምታስቡ፣ ዳታፍሎው የተባለው ድርጅት የትምህርትና የሥራ ማስረጃችሁን ከሰጠው ተቋም በቀጥታ ያጣራል፤ አንዲት ፊደል ስትለያይ ጉዳዩ ሊጓተት ይችላል።

ሃይማኖት፣ የጋብቻ ሁኔታ፣ «የጤና ሁኔታ፦ እጅግ በጣም ጥሩ» የሚሉትን ማስታወቂያው ካልጠየቀ በስተቀር ተዉአቸው። አዋጁ ሠራተኛን በሃይማኖት፣ በፆታ ወይም በፖለቲካ አመለካከት ማበላለጥን ይከለክላል፤ ታዲያ ማበላለጫውን ራሳችሁ ለምን ታቀብላላችሁ? ሥልጠናዎችን ደግሞ ከነርዕሳቸው፣ ከሰጪው ተቋምና ከቀናቸው ጋር፣ ከሥራው ጋር የሚገናኙትን ብቻ ጻፉ። ሁለት ገጽ፣ ብዙ ልምድ ላለው ሦስት፣ ይበቃል።

ስለ እናንተ እንዲመሰክሩ የምትጠቅሷቸውን ሰዎች አስቀድማችሁ አስፈቅዱ። ጎረቤት ወይም ዘመድ ሳይሆን ሥራችሁን ያየ የክፍል ኃላፊ ይሁን፤ ስልኩም የሚሠራ ይሁን። እኛ እንደውላለን።