ከጀድሰን እስከ ቅዱስ ማርቆስ፦ የኒውዮርክ ነፃ ዳንሰኞች

በ1962 እ.ኤ.አ. በኒውዮርክ ጀድሰን መታሰቢያ ቤተ ክርስቲያን የተጀመሩት ትርኢቶች የተራ ሰውን አረማመድ ሳይቀር ዳንስ አደረጉት። ከተሳታፊዎቹ ጥቂት የማይባሉት የተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪዎች ቢሆኑም፣ ሥራዎቻቸው ይህን በግልጽ የሚያነሱት ከስንት አንዴ ነበር።

ዝምታውን የሰበረው ተከታዩ ትውልድ ነው። ቢል ቲ. ጆንስና አርኒ ዜን በ1971 ተዋወቁ፤ የሕይወትም የሥራም አጋሮች ሆነው በ1982 የጋራ ቡድናቸውን መሠረቱ። አንዱ ረጅም ጥቁር፣ ሌላው አጭር ነጭ ነበር። ሁለት ወንዶች እየተደጋገፉና አንዱ ሌላውን እያነሣ መደነሳቸው፣ ምንም ሳይነገር፣ ለተመልካቹ በቂ መልእክት ነበር።

ኤድስ ግን ይህን የዳንሰኞች ማኅበረሰብ ክፉኛ መታው። ዳንሰኛው ጆን በርንድ በሽታው ገና ስያሜ ሳያገኝ ስለ ገዛ ሕመሙ መድረክ ላይ ሠርቷል። እሱም ዜንም በ1988 ሞቱ። ጆንስ በ1994 በጽኑ ሕሙማን ታሪክ ላይ የተመሠረተ ሥራ ሲያቀርብ፣ ታዋቂዋ ሐያሲ አርሊን ክሮቼ ትርኢቱን ሳታይ ነቀፈችው። ያላዩትን መንቀፍ እንግዳ ሂስ ነው፤ ክርክሩም ለዓመታት ቀጠለ።

የበርንድን ሥራዎች ዳንሰኞቹ ኢሽማኤል ሂውስተን-ጆንስና ሚጌል ጉቴሬዝ በ2016 በቅዱስ ማርቆስ ቤተ ክርስቲያን በአዲስ መልክ አቅርበዋቸዋል።