ከወንጂ እስከ ሳውዝ፦ የሆሳዕናና የዱራሜ ወጪዎች

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ በሚኒባስ ትንንሽ ከተሞችን እዞራለሁ። የጋዜጣ ሰው ስለነበርኩ አንድ ከተማ ስደርስ «ማን ቆረቆረው?» ማለት ልማዴ ነው። ሆሳዕናና አካባቢዋ ግን «ማን ወጣ?» ብሎ ለጠየቀ የበለጠ ይናገራሉ።

ሆሳዕና ከአዲስ አበባ በቡታጅራ በኩል 230 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። የቀድሞ ስሟ ዋቸሞ ነው፤ ዛሬ ዩኒቨርሲቲው ይጠራበታል። በንጉሡ ዘመን በሸዋ ጠቅላይ ግዛት ሥር የከምባታና ሀዲያ አውራጃ ዋና ከተማ ነበረች። ከዚህ ምድር መውጣት ግን ከከተማዋ በብዙ ይቀድማል። የሀዲያው ገዥ (ገራድ) ልጅ እቴጌ እሌኒ የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ሚስት ሆነው ሄዱ፤ በእርጅናቸውም ለሕፃኑ ልብነ ድንግል አገር ሲጠብቁ መልእክተኛውን ማቴዎስን ወደ ፖርቱጋል የላኩት እሳቸው ናቸው።

ተራው ሰው የወጣው ለሸንኮራ ነው። በ1946 ዓ.ም. ሆላንዶች ወንጂ ላይ ስኳር ፋብሪካ ሲከፍቱ፣ ከአገዳ ቆራጮቹ ብዙዎቹ የከምባታና የሀዲያ ልጆች ነበሩ። የገፋቸው የመሬት ጥበት ነው። በከምባታ ከአንጋጫ ወደ ዱራሜ የሚሄድ ሰው ቤት ከቤት ሲያያዝ፣ ማሳ ሲጠብ በዓይኑ ያያል። ትንሽ መሬት ለወንድማማቾች ስትከፈል የሚተርፈው ጓሮ ነው።

ያ ጓሮ ግን እንሰት አለው። አንጋጫ አቅራቢያ አንዲት እናት ስትፍቅ ቆሜ አየሁ። ልጡን ዘንበል ባለ ጣውላ ላይ አጋድማ፣ በአንድ እግሯ ይዛ፣ በቀርከሃ ወደ ታች ትፍቃለች። ከጭማቂው ሥር የሚረጋው ቡላ ነው፤ የተፋቀው ደግሞ ጉድጓድ ገብቶ ሲብላላ ቆጮ ይሆናል። «አባባ፣ አማቴ ወንጂ ነበሩ፤ ባሌ ደግሞ ሳውዝ ነው» አለችኝ፣ እጇን ሳታቆም። እንሰት ለመድረስ ዓመታት ይፈልጋል፤ ከደረሰ ግን በቸገረ ቀን ይነቀላል። ወንዱ ዓመት ቢቀርም ቤቱ የሚቆመው በዚህ ነው።

«ሳውዝ» የሚሏት ደቡብ አፍሪካ በ1986 ዓ.ም. ከአፓርታይድ ስትላቀቅ ሌላ በር ተከፈተ። በ1990ዎቹ ጉዞው በረታ። ከውጭ የመጣ አንድ ሰባኪ ወደ ደቡብ መንገድ እንደሚከፈት ተንብዮ ነበር የሚለው ወሬ ሆሳዕና ውስጥ አሁንም ይሰማል። መንገዱ በኬንያ፣ በታንዛኒያ፣ በማላዊና በሞዛምቢክ ያልፋል። መጋቢት 2012 ሞዛምቢክ ውስጥ በአንድ ኮንቴይነር 64 ስደተኞች ታፍነው ሞተው ተገኙ፤ ኢትዮጵያውያን ናቸው ተባለ።

ሆሳዕና ላይ ፎቅ ሲያሳዩኝ «የሳውዝ ብር ነው» ይሉኛል። እውነት ነው። የወንጂ ደመወዝ ትንሽ ሆኖ የበቃው፣ የሳውዙም ልጅ መንገድ እስኪቀናው መታገስ የቻለው ግን ቤቱን ቆጮ ስለያዘለት ነው። የእነዚህን ከተሞች ታሪክ የሚጽፍ ሰው ሂሳቡን ከደላላውና ከሐዋላው ሳይሆን ከሴቶቹ ጓሮ ቢጀምር ይቀናዋል።